ሁለት ግራም

ቤርሳቤህ፣ ዔሜቅ ሳራ፣ ከቆርቆሮው ሰፈር፣
ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ አቧራው ሲወፍር፤
ኤልካና ከች አለ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣
እንደ ታመመ ልጅ ክራንኩን አዝሎ።

«ምቱን አስረዘምኩት፣ ጉልበቷ እንዲጨምር፣
ቢየላውም ወፍራም፣ ፒስቶኑም ልዩ ዘር፤
አሁን የቀረችው ሚዛኗ ብቻ ናት፣
ቅዳሜ ማታ ላይ ወጥተን እንድንነዳት።»

ብቻ ናት?
ሚዛንን እንደ ጨው፣ መጨረሻው ላይ
ቆንጥረው የሚያክሏት መስሎት ነው ወይ?

«መንገዱ ሁለት ነው» አልኩት።
«አንደኛው የውስጡ፤ የክራንኩ ጎን ተበስቶ፣
ከእርሳስ የሚከብድ ተንግስተን ገብቶ፣
ፒስቶን የጣለውን ዕዳ ከራሱ ከፍሎ፣
ማንንም ሳይለምን ይዞራል ተደላድሎ።
ሁለተኛው ከውጭ፤ ክራንኩ ያቃተውን
ከፊት ፑሌጃው፣ ከኋላ ቮላኖው ይሸከሙለታል፤
ዋሶቹ ናቸው፣ ዋስ እስካለ ድረስ ባለዕዳው ይኖራል።»

«የውስጡስ ስንት ነው?» ነገርኩት፤ ሳቀብኝ።
«ዘይት ውስጥ ተነክሮ ማንም ለማያየው? አትቀልድብኝ።
ከውጭ ስቀልልኝ።»

ሰቀልኩለት።
የሚዞረው ሙሉ፣ የሚመላለሰው በግማሽ ይቆጠራል፤
የሙያው ሕግ ነው።
(እኔም ተመላላሽ ነኝ። ይህን ሕግ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን፣
ለምን እንደሆን እንጃ፣ ከፍቶኝ ነበር።)
ቮላኖው ላይ በሰማያዊ ቀለም ምልክት አደረግሁ፣
«ይህን ከዚህ ሞተር እንዳትለየው» አልሁ።
አንገቱን ነቀነቀ።
የቸኮለ ሰው አነቃነቅ አውቃለሁ።

አባቴ ፈረደ፣ ወገራ እያለ፣
ማረሻ ቀጥቃጭ ነው፣ ሚዛኑ መዳፉ፤
ማታ «ቡዳ» ያሉት ጧት የሚሰለፉ።
እዚህ አገር ሲገባ ሚዛኑ ከውጭ ሆነ፤ እኔ።
ባንክ እኔ፣ ክሊኒክ እኔ፣
መምህሯ ስለ እኔ ልትከስ ስትጠራው እንኳ
አስተርጓሚው እኔ።
በዘጠኝ ዓመቴ የሰው ቮላኖ ሆንኩ።
ውትድርና ስሄድ የተካኝ አልነበረም፤
እጁ ላይ ብርጭቆ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ክረምት ነው።
እስካንድ ቀን ድረስ። ፈቃድ ወጥቼ ፖስታ ቤት አገኘሁት፣
ሰማንያ ሦስት የሚል ወረቀት ጨብጦ።
ልናገርለት ብጠጋ፣
«ተቀመጥ» አለኝ።
በስንት ሌሊት፣ የትኛውን ጎኑን በስቶ
ያን ከባድ ነገር እንደ ወተፈበት
አልነገረኝም።

ኤልካና በዘጠኝ ወሩ ተመለሰ፣ መኪናዋ በጭነት።
አሽዶድ አንዱ ጋራዥ ቀለል ያለ ቮላኖ ሸጦለት፣
ሰማያዊው ምልክቴ ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ ቀርቶ፣
ኩሽኔታው እንደ ብስኩት ተፈርክሶ፣ ክራንኩ ተቧጥጦ።

አልተጨቃጨቅንም። ዋጋም አልጠየቀኝ።
ክራንኩን ጠረብኩ፣ በትራፓኖ በሳሁ፣
ከጫፉ ሳይሆን በጎኑ፣ ሲዞር እንዳይተፋው፤
ተንግስተኑን አስገብቼ «ውስጠ ወይራ» አልሁ፤
እሱ አማርኛ አያውቅም፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

ማሽኑ ላይ ጫንኩት።
ሃያ። ዘጠኝ። አምስት። ሁለት ግራም።
ትራፓኖውን ዳግም ሳነሣ ሻልቫ፣ የጋራዡ ጌታ፣
በዚያ በጆርጂያ ዕብራይስጡ
«ተው» አለኝ። «ሞተር ነው፣ መልአክ አይደለም።»

ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ኤልካና አስነሣት።
ሰፈሩ ጉልበቷን ይሰማል፤
እኔ ጆሮዬን ጥዬ
ያችን ሁለት ግራም እፈልጋለሁ።
አትሰማም።
ግን አውቃታለሁ፣ እየዞረች ነው።